ዋይፋይ ፕሪንተር አዲስ ኮምፒውተር ላይ እምቢ ሲል፤ ፎርማት መድኃኒቱ አይደለም

ዋይፋይ ፕሪንተር በኬብል ፋንታ በሬዲዮ ሞገድ ሥራ የሚቀበል ፕሪንተር ነው። ኮምፒውተሩ ፋይሉን ለሞደሙ ያቀብላል፣ ሞደሙ ለፕሪንተሩ ያደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ ኢንተርኔት ቦታ የለውም። ፓኬጅ ቢያልቅም፣ የቴሌ መስመር ቢቋረጥም፣ ሞደሙ መብራት እስካገኘ ድረስ ወረቀቱ ይወጣል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት በተቋረጠበት ጊዜ እንኳ በዋይፋይ ፕሪንት ማድረግን የሚከለክል ቴክኒካዊ ምክንያት አልነበረም። «ኔት የለም፣ ፕሪንት አይሠራም» የሚለው መልስ ግን ዛሬም አልጠፋም።

ዋይፋይ ፕሪንተር በአዲስ ኮምፒውተር ላይ እምቢ የማለቱ ችግር በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በር አካባቢ ባሉ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ጎልቶ የሚታየው የመመረቂያ ጽሑፍ በሚጠረዝበት ሰሞን ነው። ተማሪው አዲስ ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል። ፕሪንተሩ ከአሮጌው ዴስክቶፕ የተላከለትን ያለ ችግር ያትማል፤ ከአዲሱ ላፕቶፕ ሲላክለት ግን «ኦፍላይን» ይባላል። አንዱ ይነሳና «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፎርማት ላይ ከመድረስ በፊት መረጋገጥ ያለባቸው ነገሮች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው።

1. ፕሪንተሩ ዋይፋይ አለው ወይ?

የሞኝ ጥያቄ ይመስላል፤ አይደለም። መልካቸው አንድ ከሆነ ሁለት ፕሪንተሮች አንዱ ዋይፋይ ኖሮት ሌላው ላይኖረው ይችላል። ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 በዩኤስቢ ብቻ ይሠራል፤ በስሙ መጨረሻ «ደብልዩ» የተጨመረበት ግን ዋይፋይ አለው። የካነን ኤልቢፒ6030ም እንደዚሁ ነው። ከኤፕሰን ኤል3110 እና ኤል3210 ዋይፋይ የላቸውም፤ ኤል3150 እና ኤል3250 አላቸው። ሞዴሉ የሚነበበው ፕሪንተሩ ላይ ከተለጠፈው ስቲከር እንጂ ከካርቶኑ ወይም ከሻጩ አፍ አይደለም።

2. ፕሪንተሩና ኮምፒውተሩ አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው ወይ?

የአሁን ሞደሞች በሁለት ሞገድ ይሠራሉ፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ እና በ5 ጊጋኸርዝ። አብዛኞቹ ርካሽና ቆየት ያሉ ፕሪንተሮች የሚያውቁት የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ 5 ጊጋኸርዙን ፈጽሞ አያዩትም። እዚህ ላይ በየቡድኑ የሚዞር የተሳሳተ ምክር አለ፤ «ላፕቶፑም 2.4 ላይ መሆን አለበት» የሚል። አያስፈልግም። ሁለቱ ሞገዶች ከአንድ ሞደም እስከወጡ ድረስ በተለመደው አሠራር ኔትወርኩ አንድ ነው፤ ላፕቶፑ በ5፣ ፕሪንተሩ በ2.4 ሆነው ይገናኛሉ። የማይገናኙት አንደኛው «ጌስት» በሚባለው የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ሲሆን፣ ወይም ሞደሙ ተጠቃሚዎችን እርስ በርስ እንዳይተያዩ ሲያደርግ ነው።

በስልክ ሆትስፖት የሚሠራ ቤት ደግሞ የሆትስፖቱን ሞገድ ወደ 2.4 ማድረግ አለበት። ፕሪንተሩ የሚያስታውሰው የሆትስፖቱን ስምና ፓስወርድ ስለሆነ፣ ስልክ በተቀየረ ቁጥር ሁለቱን በአዲሱ ስልክ ላይ እንደ ድሮው መጻፍ ይበቃል። ተጠቃሚው በብራውዘር ገብቶ የራሱን ስምና ፓስወርድ እንዲሞላ በሚጠይቅ የተቋም ዋይፋይ ላይ ግን ተራ ፕሪንተር አይገባም፤ የሚሞላበት ብራውዘር የለውም። እንዲህ ባለው ቦታ የኔትወርክ ክፍሉ ፕሪንተሩን መዝግቦ ካላስገባው በስተቀር መታገል ከንቱ ነው።

3. የፕሪንተሩ አድራሻ ስንት ነው?

ብልሽቱ በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የማያየውም ይህንኑ ነው። አብዛኛው የዋይፋይ ፕሪንተር ስለ ኔትወርኩ የሚናገር ገጽ ራሱ ያትማል፤ በየትኛው ቁልፍ እንደሆነ መመሪያው ላይ አለ። በገጹ ላይ አይፒ አድራሻ ይፈለጋል። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ፕሪንተሩ ከሞደሙ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው። 0.0.0.0 ከሆነ ጭራሽ አልተገናኘም። እንደ 192.168.1.5 ያለ ሆኖ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከኮምፒውተሩ ጋር ከተመሳሰሉ ደግሞ በቤት ሞደም ላይ ነገሩ ሰላም ነው። ከዚያ ያ ቁጥር በኮምፒውተሩ ብራውዘር ላይ ይጻፋል። የፕሪንተሩ ገጽ ከተከፈተ ኔትወርኩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ካልተከፈተ ወደ ቁጥር 2 መመለስ ነው። ይህች ሙከራ ደቂቃ አትፈጅም፣ ግማሹን ግምት ግን ታስቀራለች።

አድራሻው የሚጠፋው ለምንድን ነው? መብራት ሄዶ ሲመጣ ብዙ ሞደሞች ለማን የትኛውን ቁጥር ሰጥተው እንደነበር ይረሱና እንደገና ያድላሉ። ትናንት 5 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 8 ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ግን ቤት የቀየረን ሰው በድሮው በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ 5ን መጥራቱን ይቀጥላል። «ኦፍላይን» የሚለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ይኸው ነው። መፍትሔው ሞደሙ ውስጥ ገብቶ ለፕሪንተሩ የማይቀየር ቁጥር ማስያዝ፣ ቀጥሎም ኮምፒውተሩ ላይ ፕሪንተሩን በዚያው ቁጥር፣ በቲሲፒ አይፒ ፖርት መጨመር ነው። ዊንዶውስ ራሱ ፈልጎ ሲጨምረው ብዙ ጊዜ «ደብልዩኤስዲ» የሚባል ፖርት ይመርጣል፤ እሱ ደግሞ እንደ ልቡ ነው፣ ዛሬ አግኝቶ ነገ ያጣል። ፖርቱ ተስተካክሎም «ኦፍላይን» ካለ በፖርቱ ሴቲንግ ውስጥ «ኤስኤንኤምፒ» በሚለው ላይ ያለው ምልክት ይነሳል።

4. ድራይቨር

ማይክሮሶፍት በመስከረም 2016 ዓ.ም. ግድም የፕሪንተር ፋብሪካዎች ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን የሚያዝበት ፕሮግራም) በዊንዶውስ አፕዴት የሚሰራጭበትን አሠራር ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም አስታውቋል። አዳዲስ ፕሪንተሮች ያለ ፋብሪካ ድራይቨር፣ በጋራ ስታንዳርድ ስለሚሠሩ ብዙም አይነካቸውም። እንደ ፒ1102 እና ኤልቢፒ6030 ያሉት የፎቶ ኮፒ ቤት የሥራ ፈረሶች ግን የፋብሪካውን ድራይቨር ይፈልጋሉ፤ የሚወርደውም ከፋብሪካው ድረ ገጽ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር ፍላሽ አይደለም። አንዳንድ አዲስ ላፕቶፕ «ኤስ ሞድ» በሚባል ዊንዶውስ ይመጣል፤ ይህ ከማይክሮሶፍት ስቶር ውጭ ምንም ኢንስቶል አያደርግም። ድራይቨሩ እምቢ ሲል ብዙዎች ፋይሉ የተበላሸ ይመስላቸዋል። ከኤስ ሞድ መውጣት ከስቶሩ በነፃ ይቻላል፤ ተመልሶ መግባት ግን የለም። ስናፕድራገን ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ለራሱ የተሠራ ድራይቨር ይፈልጋል፤ ለቆዩ ፕሪንተሮች ላይኖር ይችላል።

እንግዲህ ፎርማት እዚህ ላይ መነሳት አለበት። ፎርማት የኮምፒውተሩን ዲስክ ጠርጎ ሌላ ዊንዶውስ መጫን ነው። ሞደሙ ለፕሪንተሩ የሰጠውን አድራሻ አይነካም። ለፕሪንተሩ 5 ጊጋኸርዝ አይጨምርለትም። ድራይቨርም አይወልድም፤ እንዲያውም የነበረውን ያጠፋል። ታዲያ አንዳንዴ ከፎርማት በኋላ ለምን ይሠራል? ፕሪንተሩ እንደ አዲስ ስለሚጨመርና ኮምፒውተሩ አዲሱን አድራሻ ስለሚያገኝ ነው። ይህንኑ ፕሪንተሩን ከዝርዝሩ አጥፍቶ መልሶ በመጨመር በአምስት ደቂቃ ማግኘት ይቻላል። የፎርማት ዝና የቆመው በዚህ አጋጣሚ ላይ ነው፤ ገንዘብ የሚከፈልበትም ለዚሁ ነው።

የሚጠፋው ግን ብዙ ነው። አዲሱ ላፕቶፕ ከነሕጋዊ ዊንዶውሱ መጥቶ ሳለ በላዩ ላይ የተሰረቀ ኮፒ ይጫንበታል፤ እሱን «አክቲቬት» ለማድረግ ደግሞ የኮምፒውተሩ መከላከያ ይዘጋል። ቫይረስ ነው ተብሎ ፎርማት የተደረገው ማሽን በእውነት ለቫይረስ የሚጋለጠው ያኔ ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈቱ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸው ብዙ ጊዜ የተቆለፈ ስለሆነ፣ ሴቲንጉን የነካካ ሰው የማገገሚያ ቁልፍ ይጠየቃል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉ ሄደ። በዴስክቶፕ ላይ ብቻ የተቀመጠ የመመረቂያ ጽሑፍ በዚህ መንገድ ሲጠፋ ተጠያቂ የለም። «ባክአፕ አልያዝክም?» ብሎ መውቀስ ይቀልላል። ምርመራ ሳያደርግ ቀዶ ጥገና የሚጀምር ሐኪም ፈቃዱን ይነጠቃል፤ ለኮምፒውተር ግን ፍላሽ የያዘ ሁሉ ባለሙያ ነው።

መሥሪያ ቤቶችም ከዚህ አይሻሉም። የግዥ ጥያቄው «ፕሪንተር፣ ጥቁርና ነጭ፣ ብዛት 1» ይላል። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛው ዋጋ ያሸንፋል፣ ዕቃው በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል። ከየትኛው ኮምፒውተር ጋር እንደሚሠራ፣ ቶነሩ የት እንደሚገኝ፣ ኔትወርኩ ይቀበለው እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ሰነድ የለም። ባለሙያው የሚጠራው ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። በስማቸው መጨረሻ «ኢ» ያለባቸውን የኤችፒ ሌዘርጄት ፕሪንተሮች ማየት ይበቃል። እነዚህ በኤችፒ አካውንት እንዲመዘገቡ፣ ዘወትር ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኙና በፋብሪካው ኦሪጂናል ቶነር ብቻ እንዲሠሩ ተደርገው የተሸጡ ናቸው። ቶነር እየተሞላ በሚሠራበትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አገር እንዲህ ያለውን ዕቃ በርካሽነቱ መርጦ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። መጀመሪያ ላይ ዋይፋይ ኢንተርኔት አይፈልግም የተባለውን የሚያፈርሱት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ ይህም የዋይፋይ ሳይሆን የሻጩ ሕግ ነው።

የሞደሙ ፓስወርድስ? የተከለው ሰው ይዞት ለቋል። ስለዚህ ለፕሪንተሩ ቋሚ አድራሻ ማስያዝ አይቻልም፤ ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር «ተበላሸ» ይባላል፤ ስለዚህ ጤነኛው ፕሪንተር «ብልሽት» ተብሎ ስቶር ይገባል፤ ስለዚህ አዲስ ግዥ ይጠየቃል። በአንድ ወረቀት ላይ የሚጻፍ ፓስወርድ ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር። በግዥ ጥያቄው ላይም አራት መስመር ቢጨመር ይበቃል፦ ዋይፋይና የኔትወርክ ኬብል መሰኪያ ያለው፣ ለዊንዶውስ 11 ከፋብሪካው ድራይቨር ያለው፣ ያለ ኢንተርኔትና ያለ አካውንት የሚሠራ፣ ቶነሩ ገበያ ላይ የሚገኝ።

ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ ቢባል ገና የቀሩ ነገሮች አሉ።

ቪፒኤን። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በተገደቡበት ጊዜ ቪፒኤን ያልጫነ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ልማዱም ዛሬ ድረስ አልጠፋም። ብዙ ቪፒኤኖች ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ሁሉ ወደ ውጭ ስለሚወስዱ እዚያው ክፍል ያለው ፕሪንተር አይታይም። አጥፍቶ መሞከር ነው። የሚሠራ ከሆነ በቪፒኤኑ ሴቲንግ ውስጥ የቅርብ ኔትወርክን የሚፈቅደው አማራጭ ይበራል።

የኔትወርኩ ዓይነት። ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይን «ፐብሊክ» ብሎ ይይዛል፤ ያኔ በዙሪያው ያሉትን ዕቃዎች አያስስም። የቤት ወይም የሱቅ ዋይፋይ ከሆነ «ፕራይቬት» ይደረጋል። በካፌና በሆቴል ዋይፋይ ላይ ግን እንዲህ አይደረግም።

ተሰልፎ የቀረ ሥራ። አንድ የተበላሸ ፋይል ከፊት ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይጠብቃል። «ፕሪንት ስፑለር» የሚባለው ሰርቪስ ይቆማል፣ በዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ ፎልደር ውስጥ ያለው ይጠፋል፣ ሰርቪሱ ይነሳል። ተሰልፎ የነበረው ሁሉ አብሮ ስለሚጠፋ ሥራው እንደገና ይላካል።

ነባሪው ፕሪንተር። ዊንዶውስ መጨረሻ የተጠቀሙበትን ፕሪንተር ራሱ ነባሪ የሚያደርግበት ሴቲንግ አለ። ይህ ካልጠፋ ሥራው ወደ ፒዲኤፍ ወይም ወደ ሌላ ቢሮ ፕሪንተር ሊሄድ ይችላል።

የአማርኛ ፊደል። ወረቀቱ ወጥቶ የፊደሉ ቅርጽ ከተለወጠ፣ የገጹ ብዛት ከተዛባ፣ ማውጫው ከይዘቱ ካልገጠመ ጥፋቱ የፕሪንተሩ አይደለም። ኒያላ የሚባለው የፊደል ቅርጽ ከቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን በአማራጭ የኢትዮጵያ ፊደላት ጥቅል ውስጥ ስለሆነ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ላይኖር ይችላል። ከሴቲንግ ውስጥ፣ ከአማራጭ ፊቸሮች ዝርዝር ይጫናል። በፓወር ግዕዝ ቆየት ባለው አሠራር የተጻፈ ፋይል ደግሞ ፊደሉ ከሌለበት የላቲን ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ለሁለቱም የሚያዋጣው ጽሑፉ ከተዘጋጀበት ኮምፒውተር ወደ ፒዲኤፍ ቀይሮ መላክ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልሆነ ሁለት መፈተኛ ይቀራል። ብዙ ፕሪንተሮች ያለ ሞደም ከኮምፒውተሩ ጋር በቀጥታ የሚገናኙበት የራሳቸው ዋይፋይ አላቸው፤ በእሱ ካተመ ጥፋቱ ሞደሙ ጋ ነው። ካላተመ በዩኤስቢ ኬብል ይሞከራል። በኬብል አትሞ በሁለቱም የዋይፋይ መንገድ እምቢ ካለ የፕሪንተሩ የዋይፋይ ካርድ ሳይጎዳ አልቀረም፤ ጥገናው የካርዱን ዋጋ አይቶ ይወሰናል፣ እስከዚያው በኬብል ይሠራበታል። በኬብልም ካላተመ ጉዳዩ የዋይፋይ አይደለም፤ ድራይቨሩ እንደገና ይታያል፣ ከዚያም ፕሪንተሩ ለጠጋኝ ይሰጣል።