ሁላን በጸደይ እዩት

የሁላን ረግረግ ብዙ ሰው የሚያውቀው በብርዱ ወራት ነው። ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግር ግራጫ ወፎች በአሥር ሺዎች ሆነው የሚከርሙት ያኔ ስለሆነ፣ የጎብኚው አውቶቡስ መቆሚያ ያጣል። የካቲት መጨረሻ ላይ ወፎቹ ወደ ሰሜን ሲነሡ ሰዉም አብሮ ይበተናል። እኔ መሄድ የምጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ሁላ በሰሜን እስራኤል፣ ከገሊላ ባሕር በላይ ያለ ሸለቆ ነው። ሐይቁና ረግረጉ ከ1951 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ለእርሻ መሬትና ወባን ለማጥፋት ተብሎ እንዲደርቅ ተደረገ። በተፈጥሮ ወዳጆች ጩኸት የተረፈው ቁራጭ በ1964 የአገሪቱ የመጀመሪያ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። የደረቀው አፈር ከውስጥ እየነደደና እየሰመጠ ገበሬውን ሲያማርር ደግሞ፣ በ1994 የሸለቆው አንድ ክፍል እንደገና ውሃ ተለቀቀበት። ይህ አዲሱ ሐይቅ አጋሞን ሁላ ይባላል። ሁለቱ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ መግቢያቸውም ለየብቻ ነው። «ሁላ ሄጄ ነበር» የሚለኝን ሁሉ «የትኛው?» እያልሁ የማሰለቸው በምክንያት ነው፤ ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

በመጋቢት ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። ሽመላዎች ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ ሲመለሱ እዚህ ያልፋሉ። እንደ ሽመላ ያለ ከባድ ወፍ ክንፉን እያርገበገበ ሩቅ አይዘልቅም፤ ከሞቀ ምድር በሚነሣ አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚጓዘው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኝ በየብስ ይዞራል፤ ስለዚህ ብዙው በዚህች ጠባብ አገር ላይ ይጨናነቃል። ፔሊካኖቹም በዚያው ስሌት ይመጣሉ። ሚያዝያ ሲገባ ንብ በል የሚባሉት ወፎች ይደርሳሉ።

የእኔ ተወዳጅ ግን ወፍ አይደለችም፤ የሁላ እንቁራሪት ናት። በ1940 ሁለት ትልልቅና ሁለት ገና ጭራቸው ያልወደቀ ተያዙ። ከትልልቆቹ አንዷ ከፍ ያለች ነበረችና ጓደኛዋን እዚያው በላቻት፤ ለሳይንስ ከተገኙት ጥቂቶች አንዷ በዚህ ሁኔታ አለቀች። በ1955 አንዲት ተጨመረች፤ ከዚያ በኋላ ዝም። በ1996 ከምድር ጠፍታለች ተብሎ ታወጀ። በ2011 አንድ የጥብቅ ሥፍራው ጠባቂ በዘወትር ቅኝቱ ላይ ሳለ አንዲት ከፊቱ ዘለለች። ሆዷ ጥቁር ነው፤ ነጫጭ ነጠብጣብ ተርከፍክፎበታል። በ2013 የዘረመል ጥናት ሲወጣ ጉዳዩ ባሰ፦ ወገኗ ላቶኒያ ሆኖ ተገኘ። ላቶኒያ ደግሞ እስከዚያ ድረስ የሚታወቀው በቅሪተ አካል ብቻ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ «ውሃው ሲመለስ እንቁራሪቷም ተመለሰች» ይላል። ደስ ይላል፤ ትክክል ግን አይደለም። ጠባቂው ያገኛት አዲሱ ሐይቅ ላይ ሳይሆን አሮጌው ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ነው። «የትኛው?» እያልሁ የምነዘንዘው ለዚህ ነው። እንቁራሪት ከሞት አትነሣም፤ በረገፈ ቅጠል ሥር፣ እርጥበቱ ባልጠፋባት በዚያች ቁራጭ መሬት ተደብቃ ኖራለች ማለት ነው። ያቺ ቁራጭ ባትተርፍ ኖሮ የ1994ቱ ውሃ የሚመልሰው እንቁራሪት ባልኖረም። በሁላ ብቻ ይኖሩ የነበሩ የዓሣ ዝርያዎች እኮ ውሃው ቢመለስም አልተመለሱም።

በጥብቅ ሥፍራው የእንጨት ድልድይ ላይ ስንሄድ አብረውን የነበሩ አንዲት የደምቢያ እናት ቆም ብለው ከዳር አንድ ግንድ ዳሰሱ። «ልጄ፣ ይኼማ ደንገል ነው!» አሉኝ። ባለ ሦስት ጠርዙን ግንድ በጣታቸው እያዞሩ፣ በጣና ታንኳ ሲሠራ እንዴት እንደሚታሰር ያስረዱኝ ጀመር፤ አስጎብኚው ጥሎን ሄደ። ልክ ናቸው። ፓፒረስ የሚባለው ደንገል ነው፤ ሁላም በተፈጥሮ ከሚበቅልባቸው የሰሜን ጫፎች አንዱ ነው። ክሬኖቹም ቢሆኑ አንዳንዶቹ ሁላ ላይ አርፈው ጉዟቸውን እስከ ኢትዮጵያ ይቀጥላሉ።

ከድልድዩ በታች ግዙፍ አምባዛና ኤሊ ይታያል። ኑትሪያም አለ፤ ትልቅ አይጥ የሚመስል፣ ጥርሱ ብርቱካናማ የሆነ እንስሳ። ለፀጉሩ ተብሎ ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ፣ በሙቀቱ ፀጉሩ አልወፍር ሲል ንግዱ ከስሮ የቀረ እንግዳ ነው። ሕፃናት ይወዱታል፤ ወላጆችም ዳቦ ይወረውሩለታል። እባካችሁ ተዉ! እንስሳው ሣር በል ነው፤ ዳቦው ውሃው ውስጥ ይበሰብሳል።

ሚያዝያ ሳያልቅ ሂዱ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ግቡ። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ያዙ፣ የስልካችሁን ዘፈን ዝጉ፣ ከመንገዱ ወጥታችሁ ቅጠል አትገልብጡ። እንቁራሪቷን አታዩአትም፤ እሷን መፈለግ የጠባቂዎቹና የተመራማሪዎቹ ሥራ ነው።