ቅኔ የማያውቀው ዳታቤዝ

ደብረ ኤልያስ ሲባል ቀድሞ የሚነሳው የቅኔ ትምህርቱ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እኔ የአገሩ ልጅ ብሆንም ቅኔ አልተማርኩም፤ ኮድ ነው የምጽፈው። ሰምና ወርቅ ግን ዌብሳይት ላይ ጠበቀኝ።

ለአንድ እህል ነጋዴ የሽያጭ መመዝገቢያ ገጽ በፒኤችፒ ሠራሁለት። በስልኩ ገብቶ ያለቁትን መዝገቦች ራይት እያደረገ በአንዴ ይሰርዛል። ሦስት ሲመርጥ ግን የሚጠፋው አንዱ ብቻ ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ «12,15,19» የሚለውን ዝርዝር በአንድ ጥያቄ ምልክት (?) ቦታ አስገብቼዋለሁ። ማይኤስኪውኤል ሙሉውን እንደ አንድ ጽሑፍ አየውና ከፊት ያለውን 12 ብቻ ወሰደ።

ቸኮልኩና ቁጥሮቹን በኮማ አያይዤ ኩዌሪው ላይ ለጠፍኳቸው። ሠራ! ደስ አለኝ።

ጓደኛዬ ኮዱን አይቶ «ከስልክ የሚመጣው ቁጥር ብቻ ነው ያለህ ማነው?» አለኝ። በሙከራ ኮፒው ላይ በቁጥሩ ፋንታ በኤስኪውኤል ቋንቋ «0) ወይም (1=1» ብሎ ላከ። 1 ምንጊዜም 1 ነው፤ ሰንጠረዡ ባዶ ቀረ።

ቅኔው ያኔ ገባኝ። ሰሙ የመዝገብ ቁጥር፣ ወርቁ «ሁሉንም ሰርዝ» ነው። ዳታቤዙ ደግሞ ሁለቱን አይለይም፤ የተጻፈለትን ይፈጽማል። ኤስኪውኤል ኢንጀክሽን ይሉታል። ጄፍ ፎሪስታል ፍራክ በተባለው መጽሔት ላይ የጻፈበት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ዛሬም አልጠፋም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ስንት ነገር እንዳለ ቁጠሩ። ሦስት ከሆነ ቅንፉ ውስጥ ሦስት ጥያቄ ምልክት በኮማ ለይታችሁ አስቀምጡ (?,?,?)። ቁጥሮቹን ግን ኩዌሪው ውስጥ አትጻፏቸው፤ ሲፈጸም ለየብቻ ስጡት። ያኔ ሰው ምንም ቢጽፍ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል እንጂ ትእዛዝ አይሆንም። ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ደግሞ ኩዌሪውን ጭራሽ አትላኩት፤ ባዶ ቅንፍ ማይኤስኪውኤል ላይ ስህተት ያመጣል።

ያ ሰንጠረዥ የገበሬዎች ስምና ስልክ ቁጥር አለበት። አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ አዋጁ ባይኖርም ሰዎቹ ቁጥራቸውን የሰጡት አምነው ነው።

ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ዛሬ ማታ ፋይላችሁን ክፈቱና «ኢምፕሎድ» የሚለውን ፈልጉ። ያያያዘው ጥያቄ ምልክቶችን ነው ወይስ ከሰው ስልክ የመጣ ጽሑፍ?