በአንድ መጥበሻ የሚበስል ፓስታ፦ ከአምቦ እስከ ሸነን የምድጃው ሳይንስ

ከጂባት ወረዳዋ ሸነን፣ ከጌዶ ወይም ከጊንጪ ለትምህርት ወደ አምቦ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ተማሪ የማእድ ቤት ዕቃው ብዙ አይደለም። አንድ ምድጃ፣ አንድ መጥበሻ፣ አንድ ማማሰያና ሁለት ሳህን ካለው ይበቃዋል። ከክፍል ወጥቶ ለጥናት እስኪቀመጥ ድረስ ለእራቱ የሚተርፈው ጊዜም ከግማሽ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። እንዲህ ላለው ምሽት ፓስታ ሁነኛ ምግብ ነው። ይሁን እንጂ በተለመደው ዘዴ በአንድ ድስት ብዙ ውሃ አፍልቶ፣ ፓስታውን ቀቅሎና አጥልሎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ ሱጎውን ደግሞ በሌላ ዕቃ ሠርቶ ማዋሐድ ሁለት ዕቃ፣ ብዙ እሳትና ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል።

ለመሆኑ ፓስታን ውሃ ሳይደፉ፣ በአንድ መጥበሻ ብቻ፣ ክሬምም ሳይገዙ እንደ ክሬም በሚወፍር መረቅ ማብሰል ይቻላልን? አዎን፣ ይቻላል። እንዴት እንደሚቻል ለመረዳት ግን ስለ ስንዴ፣ ስለ ከባቢ አየር ግፊት፣ ስለ ስታርችና ስለ ወተት ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ፓስታና ስንዴያችን

ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ሳልሳ፣ ሱጎ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ መሆናቸው ምግቡ ወደ አገራችን በየት በኩል እንደገባ ይመሰክራል። የጥሩ ፓስታ ጥሬ ዕቃ የሆነው ዱረም ስንዴ ግን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ሶቪየታዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ሲጎበኝ በማሳዎቻችን ያየው የዚህ ስንዴ ዓይነት ብዛት አስደንቆታል። ዛሬ ሳይንቲስቶች ዱረም ከዱር ወደ እርሻ የተላመደው በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑን ቢያረጋግጡም፣ ኢትዮጵያ የዝርያው የብዝኃነት ማእከል መሆኗ አልተለወጠም።

ዱረም 28 ክሮሞዞም ሲኖረው የዳቦ ስንዴ 42 አለው። ለአብሳዩ የሚታየው ልዩነት ግን ሌላ ነው። የዱረም ፍሬ ጠንካራ ነው፤ ሲፈጭ ቢጫነት ያለው ሻካራ ዱቄት ይወጣዋል። ግሉተን የተባለው ፕሮቲኑም ስታርቹን እንደ መረብ ሰብስቦ ስለሚይዝ ከዱረም የተሠራ ፓስታ ቶሎ አይላቁጥም። ከዳቦ ስንዴ የተሠራው ደግሞ ቶሎ ይለሰልሳል፤ ስታርቹንም በብዛት ወደ ውሃው ይለቃል። ስለዚህ የትኛው በእጃችን እንዳለ ማወቁ ለአንድ መጥበሻ አሠራር ዋነኛ ጉዳይ ነው።

ውሃ በአምቦ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

በመማሪያ መጻሕፍት ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ጠለል ነው። ከፍታ ሲጨምር የከባቢ አየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም እንፋሎት ለመሆን የሚጋፋው ግፊት ስለሚያንስ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እንደ ግምታዊ ደንብ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለሆነም ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ በሆነችው በአምቦ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ፣ 2400 ሜትር ገደማ በሆነችው በሆለታ ደግሞ በ92 ዲግሪ ይፈላል። የሸነን ተማሪዎች ከትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ተውሰው የፈላ ውሃ ቢለኩ የከተማቸውን ከፍታ ራሳቸው ሊገምቱ ይችላሉ።

ጨው መጨመር ይህን ጉድለት አያካክስም። በ1 ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው ቢጨመር የፍላት ነጥቡ ከፍ የሚለው ከ0.2 ዲግሪ ባነሰ ነው። ጨው የሚጠቅመው ለጣዕም ብቻ ነው። እሳቱን ማጋጋልም ውሃውን ከ93 ዲግሪ በላይ አያሞቀውም፤ ቶሎ እንዲተን ብቻ ያደርገዋል።

በፓስታው ማሸጊያ ላይ «9 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት ቦታ ተለክቶ ነው። ውሃ ወደ ፓስታው እምብርት የሚሰርግበት ፍጥነት ከሙቀት ጋር ስለሚቀንስ በደጋው አገር 2 ወይም 3 ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል። ከሰዓት ይልቅ ጥርስ የተሻለ ዳኛ ነው፤ አንዱን ዘንግ ነክሶ መሐሉ ነጭ ነጥብ እንዳለው ማየት ይበቃል።

የሚደፋው ውሃ ዋጋ

የተለመደው ምክር ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውሃ ይላል። ለሁለት ሰው እራት 200 ግራም ፓስታ ቢበስል 2 ሊትር ውሃ መሆኑ ነው። 1 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.18 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። 2 ሊትሩን ከ20 ወደ 93 ዲግሪ ለማድረስ 610 ኪሎ ጁል ይፈጃል። ምድጃው 1000 ዋት ቢሆንና ግማሹ ሙቀት ብቻ ወደ ውሃው ቢገባ፣ ውሃው እስኪፈላ ብቻ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ያ ሁሉ ሙቀት ያረፈበት ውሃ በመጨረሻ ይደፋል።

አሁን ፓስታው በእርግጥ የሚጠጣውን ውሃ እንመልከት። ደረቅ ፓስታ ሲበስል ክብደቱ ከእጥፍ ጥቂት ይበልጣል። 200 ግራሙ ወደ 440 ግራም ቢደርስ የጠጣው 240 ግራም ውሃ ብቻ ነው። በሚፈላበት ጊዜ የሚተነውን 200 ግራም ያህል ብንጨምርና መረቅ ይሆን ዘንድ ጥቂት ብናስተርፍ 600 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ይህን ለማፍላት የሚያስፈልገው 183 ኪሎ ጁል ነው፤ በዚያው ምድጃ 6 ደቂቃ ያህል። መብራት መጥቶ በሚሄድበት ምሽት ወይም የከሰል ዋጋ በሚከብድበት ወር የ14 ደቂቃ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ክሬሙ ከየት ይመጣል?

ስታርች በስንዴው ውስጥ በጥቃቅን እንክብሎች ተከማችቶ ይገኛል። ውሃና ሙቀት ሲያገኝ፣ ከ60 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ፣ እንክብሎቹ ውሃ እየጠጡ ያብጣሉ፤ ይህ ሂደት ጄላቲናይዜሽን ይባላል። አሚሎዝ የተባለው ረጅም ሞለኪውል ከእንክብሎቹ ሾልኮ ወደ ውሃው ይገባል። አጥሚት የሚወፍረውም በዚሁ ሥርዓት ነው።

ከ200 ግራም ፓስታ 5 በመቶው፣ ማለትም 10 ግራም፣ ወደ ውሃው ወጣ እንበል። በ2 ሊትር ውሃ ውስጥ ይህ 0.5 በመቶ ብቻ ስለሆነ ውሃው ደፍረስ ከማለት አያልፍም። በአንድ መጥበሻ አሠራር መጨረሻ ላይ የሚቀረው ውሃ ግን 160 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። እዚያ ውስጥ ያው 10 ግራም 6 በመቶ ገደማ ይሆናል። በተለመደው ዘዴ ከማጥለያው ሥር የሚፈስሰው ነገር እዚህ መረቁን የሚያወፍር ሀብት ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛው የክሬም ምሥጢር ኢመልሽን ነው። ቅቤና ውሃ ተለያይተው የሚቀመጡ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን ቅቤው በማማሰያ ተመትቶ ወደ ጥቃቅን ጠብታ ሲከፋፈል፣ የወተቱ ፕሮቲን ጠብታዎቹን ይሸፍናቸዋል፤ የወፈረው ስታርችም እንዳይገናኙ ያግዳቸዋል። ዓይናችን ነጭና ለስላሳ አድርጎ የሚያየው እነዚህን ብርሃን የሚበትኑ ጠብታዎች ነው።

ወተት፣ ቲማቲምና የአምቦ ውሃ

ብዙዎች ወተትና ቲማቲም አንድ ላይ ሲያበስሉ መረቁ ይቋጠርባቸዋል። ኬሲን የተባለው የወተት ፕሮቲን በትኩስ ወተት ውስጥ፣ ማለትም በ6.7 ፒኤች፣ ተበታትኖ ይኖራል። ፒኤቹ ወደ 4.6 ሲወርድ ተሰብስቦ ይረጋል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያ ቀድሞም ይቋጠራል። ቲማቲም 4.3 አካባቢ አሲድነት አለው። መፍትሔው ቲማቲሙን ማሳነስ፣ አስቀድሞ በዘይት ማብሰል፣ ወተቱንም ስታርቹ ውሃውን ካወፈረ በኋላ እሳቱን ቀንሶ በመጨረሻ መጨመር ነው።

አይብ በመረቁ ውስጥ ለምን አይቀልጥም የሚል ጥያቄም ይነሣል። አይብ የተሠራው አሬራ ተሞቆ ነው፤ ፕሮቲኑ በአሲድና በሙቀት አንድ ጊዜ ተሳስሮ ረግቷልና ዳግም ሙቀት አይፈታውም። ስለዚህ አይብ የሚጨምር ሰው እንዲቀልጥ ከመጠበቅ ይልቅ በጥቂት ወተት አድቅቆ ቢበጠብጠው ይሻላል።

ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው የአምቦ ውሃስ ለፓስታ ይሆናልን? ውሃው ባይካርቦኔት ይዟል። ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በኖ ይወጣል፤ የቀረውም ውሃ ወደ አልካላይነት ያዘነብላል። በአልካላይ ውሃ የስንዴው ቀለም ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። ጥቂት የአምቦ ውሃ በቲማቲሙ ላይ ቢፈስስ አሲዱን በከፊል ያረግበዋል፤ ይህ ጥሩ የቤት ውስጥ ሙከራ ነው። ለመቀቀያነት ግን የቧንቧ ውሃ ይበቃል፤ አምቦው ከምግቡ ጋር ቢጠጣ ይሻላል።

አሠራሩ (ለሁለት ሰው)

የሚያስፈልገው፦ 200 ግራም ፓስታ፣ 600 ሚሊ ሊትር ውሃ (3 መለስተኛ ብርጭቆ)፣ 1 ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ 1 ቲማቲም፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 150 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ቃሪያና በሶብላ።

1. ሰፋ ባለ መጥበሻ ሽንኩርቱን በዘይት ማቁላላት፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ጨምሮ ቲማቲሙ እስኪፈርስ ማብሰል።

2. ውሃውንና ጨውን ጨምሮ ማፍላት። ውሃው ስለማይደፋ ጨውም አብሮ ይቀራል፤ ስለዚህ ከተለመደው ማሳነስ ይገባል።

3. ፓስታውን ለሁለት ሰብሮ ውሃው ውስጥ ማስተኛት። ስታርቹ መጀመሪያ የሚጣበቀው በፓስታው ገጽ ላይ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ 2 ደቂቃዎች ሳያቋርጡ ማማሰል። እንዳይጣበቅ በውሃው ላይ የሚጨመር ዘይት ከላይ ስለሚንሳፈፍ ይህን ሥራ አይሠራም።

4. እሳቱን መጠነኛ አድርጎ፣ በየጊዜው እያማሰሉ፣ ከ11 እስከ 13 ደቂቃ ማብሰል። ውሃው ቀድሞ ካለቀ ትኩስ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር።

5. እሳቱን ቀንሶ ወተቱን መጨመር፤ መጥበሻውን ሳይከድኑ ጥቂት አፍልቶ ማውረድ። ከዚያ ቅቤውን፣ ቃሪያውንና በሶብላውን ጨምሮ ለ1 ደቂቃ በኃይል ማማሰል። መረቁ ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚወፍር ቀጠን እንዳለ ማውረድ ይገባል።

በጾም ቀን በወተቱና በቅቤው ፋንታ 2 የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ በትኩስ ውሃ በጥብጦ መጨመር ይቻላል። የኦቾሎኒው ፕሮቲንና ዘይት ከስታርቹ ጋር ሆነው ተመሳሳይ ኢመልሽን ይሠራሉ።

እሳት አጥፍቶ ማብሰልስ?

በ2021 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጣልያናዊው ጆርጆ ፓሪዚ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ፓስታን ጥቂት አፍልቶ፣ እሳቱን አጥፍቶና ከድኖ ማብሰል እንደሚቻል የሚገልጽ ሐሳብ በማሰራጨታቸው በአገራቸው ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከላይ እንዳየነው ስታርች ለማበጥ 100 ዲግሪ አያስፈልገውምና ሐሳቡ በፊዚክስ ትክክል ነው። በአምቦ ግን ውሃው የሚጀምረው ከ93 ዲግሪ ስለሆነ ቶሎ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ቢያንስ 5 ደቂቃ ካፈሉ በኋላ ማጥፋት፣ ክዳኑን በደንብ መግጠምና መጥበሻውን በወፍራም ጨርቅ መሸፈን ይበጃል። ድንገት መብራት ሲጠፋም እራቱ ተበላሸ ብሎ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ክዳኑን ሳይከፍቱ መታገስ ብዙ ጊዜ ያድነዋል።

ሕይወትን የሚነኩ ሦስት ጥንቃቄዎች

የመጀመሪያው ከሰልን ይመለከታል። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ከሂሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን 200 እጥፍ በላይ በረታ ኃይል ስለሆነ ደም ኦክስጅን መሸከም ይሳነዋል። ከሰል ምድጃ በደጅ ወይም በርና መስኮት ተከፍቶ ይነድዳል፤ ክፍል ለማሞቅ ተብሎ ከቶ ከእንቅልፍ ጋር አብሮ አይገባም።

ሁለተኛው ከገበያ የሚገዛ ጥሬ ወተት ነው። የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴሎሲስ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። በ72 ዲግሪ 15 ሴኮንድ መቆየት እነዚህን ስለሚገድል በአምቦ የፍላት ሙቀት በደንብ የፈላ ወተት ከዚህ ስጋት ነጻ ነው።

ሦስተኛው የተረፈ ፓስታ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም አንድ የ20 ዓመት ተማሪ ለ5 ቀናት ያለ ማቀዝቀዣ የቆየ ስፓጌቲ አሙቆ በልቶ በዚያው ሌሊት ሞቷል። ገዳዩ ባሲለስ ሲሪየስ የተባለው ባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝ ነበር። ይህ መርዝ በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው የሚበላውን ያህል ብቻ ያብስል፤ ካደረ ፓስታ ይልቅ 100 ግራም ደረቅ ፓስታ በጥቅሉ ውስጥ ቢተርፍ ይሻላል።

ውድ አንባብያን፣ ከላይ የቀረበው ስሌት በቀላሉ የሚፈተን ነው። በሚቀጥለው እራታችሁ የፓስታውን ክብደት ከመቀቀሉ በፊትና በኋላ፣ የውሃውን መጠንና የወሰደውን ደቂቃ መዝግቡ። በሸነን የተገኘው ውጤት በአምቦ ወይም በጋምቤላ ከተገኘው ጋር ሲነጻጸር የከባቢ አየር ግፊት በእያንዳንዳችን መጥበሻ ላይ የጻፈው ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል።