ሰሜንን በአምስት ሽቦ መላክ፦ የጋይሮስኮፕና የሲንክሮ አሠራር በመርከብ ላይ



የዛሬው ርእሴ ባሕር በር በሌለው አገር ለሚኖር አድማጭ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ሩቅ አልነበረም። ተማሪ በነበርኩበት ዘመን የቤተ ሙከራችን ኃላፊ የቀድሞው ባሕር ኃይል ቴክኒሻን ነበሩ። የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» በ1962 ከአሜሪካ የመጣች፣ ቀድሞ «ኦርካ» ትባል የነበረች የባሕር አውሮፕላን ደጋፊ መርከብ ነበረች፤ በ1991 ወደ የመን ሸሽታ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። (በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መርከቦቹ ከእጃችን ሲወጡ ዕውቀቱ በጥቂት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ተበትኖ ቀረ። ዛሬ በባሕር ዳር የማሪታይም ሥልጠና የሚወስዱ ወጣቶች የዓለምን መርከቦች እየጠገኑ ስለሆነ፣ ያንን ዕውቀት በአግባቡ ማስተላለፍ የትዝታ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም።

ጥያቄው ቀላል ነው፤ መርከቧ ወደየት እየሄደች ነው? መግነጢሳዊ ኮምፓስ በእንጨት መርከብ ላይ ለዘመናት አገልግሏል። በብረት መርከብ ላይ ግን በዙሪያው ያለው ብረት፣ የሚዞረው የመድፍ ማማና የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁሉ መርፌውን ይጎትቱታል። ጀርመናዊው ኸርማን አንሹትስ ካምፕፈ በባሕር ሰርጓጅ ከበረዶ ሥር ወደ ሰሜን ዋልታ ለመድረስ ባሰበ ጊዜ መግነጢስን የማይሻ ኮምፓስ ለመሥራት የተገደደው በዚሁ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ኤልመር ስፔሪ የራሱን ሠርቶ በ1911 «ደላዌር» በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ሞከረው። ሁለቱ በጀርመን ፍርድ ቤት ሲካሰሱ በባለሙያነት የተጠራው አልበርት አይንስታይን ነበር፤ ፍርዱም ለአንሹትስ ሆነ።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። እናቶቻችን እንዝርት ሲያሾሩ ያየ ሰው የጋይሮስኮፕን ግማሽ ያውቃል፤ የሚሾር ነገር ዘንጉን በቀላሉ አይለቅም። ሌላው ግማሽ ግን እንግዳ ነው። በፍጥነት የሚሾር የብስክሌት ጎማ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ዘንጉን ወደ ታች ለማዘንበል ብትሞክሩ ጎማው ወደ ታች አይሄድም፤ ወደ ጎን ይዞራል። ኃይሉን በአንድ አቅጣጫ ትሰጡታላችሁ፣ እርሱ በ90 ዲግሪ ዞሮ ይመልስላችኋል። ይህን ፕሪሴሽን እንለዋለን።

ነጻ ሆኖ የተሰቀለ ጋይሮስኮፕ በራሱ ሰሜንን አያውቅም። ፎኮ በ1852 ስሙን ሲሰጠው የምድርን መዞር እንዲያሳይለት ነበር የፈለገው፤ ሰሜንን እንዲያገኝ ያስቻለውም ይኸው የምድር መዞር ነው። ዘንጉ በአግድም ወደ ምሥራቅ ያመለከተ ጋይሮስኮፕ በምድር ወገብ ላይ አለ እንበል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለችና የምሥራቁ አድማስ ዝቅ ይላል፤ ጋይሮስኮፑ ግን በሕዋ ውስጥ አቅጣጫውን ስለማይለውጥ ለእኛ ምሥራቃዊ ጫፉ ቀና ያለ ይመስለናል። አሁን ከሥሩ ክብደት አንጠልጥሉ። ዘንጉ ሲያዘነብል የስበት ኃይል ወደ አግድም ሊመልሰው ይጎትተዋል። ጋይሮስኮፑ ግን እንደ ጠባዩ ወደ ጎን፣ ማለትም ወደ ሰሜን ይዞራል። ሰሜንን አልፎ ይሄዳል፣ በዚያ በኩል ደግሞ ጫፉ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ይመለሳል፤ ማርገቢያ ካልተገጠመለት እንዲሁ ሲወዛወዝ ይኖራል። ማርገቢያው ካለ ግን ቀስ በቀስ ሰሜን ላይ ይረጋል። ቀስ በቀስ ስል ሰዓታት ማለቴ ነው፤ መርከበኞች ጋይሮ ኮምፓሱን ከመነሻቸው ብዙ ሰዓት አስቀድመው የሚያስነሡት ለዚህ ነው።

የውዝዋዜው ዑደት ርዝመት በዘፈቀደ አይመረጥም። ማክስ ሹለር በ1923 እንዳሳየው ዑደቱ 84.4 ደቂቃ ከሆነ የመርከቧ መፍጠንና መዞር ኮምፓሱን አያናውጠውም። ይህ ቁጥር የምድርን ራዲየስ ያህል ርዝመት ያለው ፔንዱለም ሊኖረው የሚችለው ዑደት ነው። ለእኔ በምሕንድስና ውስጥ ከዚህ የሚያምር ቁጥር ጥቂት ነው።

አንድ ስሕተት ግን አይቀርም። ኮምፓሱ ሰሜንን የሚያገኘው ወደ ምሥራቅ በሚደረግ እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ የመርከቧን የራሷን ጉዞ ከምድር መዞር ለይቶ አያይም። በምጽዋ ኬክሮስ፣ ወደ 15.6 ዲግሪ ሰሜን፣ የምድር ገጽ በሰዓት 867 ኖቲካል ማይል ገደማ ወደ ምሥራቅ ይሮጣል። በሰዓት 20 ኖቲካል ማይል በቀጥታ ወደ ሰሜን የምትጓዝ መርከብ ኮምፓሷ ወደ ምዕራብ 1.3 ዲግሪ ያህል ይሳሳታል። ስሕተቱ ሳይታረም 60 ኖቲካል ማይል ብትሄድ ከመሥመሯ 1.4 ኖቲካል ማይል ያህል ትርቃለች። ከምጽዋ ፊት ለፊት የዳህላክ ደሴቶች እንዳሉ ለምታስታውሱ፣ ቁጥሩ ለብቻው ይናገራል። ወደ ዋልታ በቀረብን መጠን ስሕተቱ ያድጋል፤ ዋልታው ላይ ደግሞ ኮምፓሱ ጨርሶ ሰሜን የለውም። የአንሹትስ የመጀመሪያ ሕልም የዋልታ ጉዞ እንደነበር ሳስብ ፈገግ እላለሁ።

ኮምፓሱ ግን አንድ ነው፤ የሚፈልጉት ብዙ ናቸው። መሪውን የያዘው መርከበኛ፣ የራዳሩ መስኮት፣ የካርታው ጠረጴዛ፣ በጦር መርከብ ላይ ደግሞ መድፉ፣ ሁሉም ይህንኑ ዘዌ በዚያው ቅጽበት ይሻሉ። ዘንግና ጥርስ በየክፍሉ መዘርጋት አይቻልም። ዘዌን በሽቦ እንዴት እንልካለን? የፓናማ ቦይ በ1914 ሲከፈት የበሮቹንና የውኃውን ከፍታ ለተቆጣጣሪው ያሳይ የነበረው መሣሪያ ዛሬ ሲንክሮ የምንለው ቤተሰብ አባል ነበር።

ሲንክሮ ሲያዩት ትንሽ ሞተር ይመስላል፤ በተፈጥሮው ግን ትራንስፎርመር ነው። በመካከሉ የሚዞር አንድ ጥቅል አለ፤ ሮተር። በዙሪያው በ120 ዲግሪ ተራርቀው የተቀመጡ ሦስት ቋሚ ጥቅሎች አሉ፤ ስታተር። ሮተሩ 115 ቮልት ተለዋጭ ጅረት ይሰጠዋል፣ እንደ መሣሪያው ዓይነት በ60 ወይም በ400 ኸርዝ። ሦስቱ ጥቅሎች የሚያገኙት ቮልቴጅ ሮተሩ ወዴት እንደዞረ ይለያያል። ተማሪዎቼ በየዓመቱ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ሦስት ጥቅል ሲያዩ «ሦስት ፌዝ» ይላሉ። አይደለም! ሦስቱም ቮልቴጆች አብረው ይነሣሉ፣ አብረው ይወድቃሉ፤ የሚለያዩት በመጠንና በምልክት ብቻ ነው። ሮተሩ ዜሮ ላይ ሲሆን ኤስ 2 ላይ 52 ቮልት፣ ኤስ 1 እና ኤስ 3 ላይ እያንዳንዳቸው በተቃራኒው ምልክት 26 ቮልት ይገኛል። በኤስ 1 እና በኤስ 3 መካከል ታዲያ ምንም የለም፤ የኤሌክትሪክ ዜሮ የምንለውም ይህንኑ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ሁልጊዜ ተደምረው ዜሮ ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱ ዘዌ ግን ድርድራቸው ልዩ ነው።

ላኪውን ከአንድ ዓይነት ተቀባይ ጋር በአምስት ሽቦ ስናገናኝ፣ ሁለት ለሮተር ሦስት ለስታተር፣ ዘዌዎቹ እኩል ከሆኑ ቮልቴጆቹ ይፋጠጣሉና በስታተሩ ሽቦዎች ጅረት አይፈስም። ልዩነት ካለ ጅረት ይፈስሳል፣ ጅረቱ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፣ መስኩም የተቀባዩን ሮተር ጎትቶ ያስተካክለዋል። ጉልበቱ ግን ልዩነቱ ባነሰ መጠን ስለሚያንስ፣ በመጨረሻው ስንዝር ላይ ሰበቃ ያሸንፈዋል። ጠቋሚ መርፌ ለማዞር ይበቃል፤ መድፍ ለማዞር አይበቃም። ለከባዱ ሥራ ተቀባዩ በመቆጣጠሪያ ትራንስፎርመር ይተካል፤ እርሱ አይዞርም፣ ስለ ስሕተቱ ብቻ ይናገራል፤ በዜሮ አካባቢ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 1 ቮልት ገደማ። ማጉያውና ሞተሩ ያ ቮልቴጅ እስኪጠፋ ድረስ ሸክሙን ያዞራሉ። ይበልጥ ጥራት ሲፈለግ ደግሞ መርከቧ 10 ዲግሪ ስትዞር አንድ ሙሉ ዙር የሚዞር ሁለተኛ ሲንክሮ ይጨመራል፤ የእርሱ የ1 ዲግሪ ስሕተት በመርከቧ አቅጣጫ ላይ የዲግሪ አንድ ሠላሳ ስድስተኛ ብቻ ነው። የትኛው 10 ዲግሪ ላይ እንዳለን የሚነግረን ግን የመጀመሪያው፣ ዝግተኛው ነው።

የቤተ ሙከራ ኃላፊያችን አንድ ቀን ሁለት ሲንክሮዎች እንዳገናኝ አዘዙኝ። አገናኘሁ፤ ላኪውን ዜሮ ላይ አደረግሁ፣ ተቀባዩም ዜሮ አለ። «ጨርሻለሁ ጋሼ» አልኩ። ምንም ሳይሉ ላኪውን ወደ 90 አዞሩት፤ ተቀባዩ 270 ላይ ቆመ። ኤስ 1 እና ኤስ 3ን አቀያይሬ ነበር። «መርከቢቱ ወደ ቀኝ ስትዞር መሪ ያዡ ወደ ግራ ዞረች ብሎ ያስባል፤ አንተም ወደብ ላይ ቆመህ ዜሮ ይላል ብለህ ፈርመሃል» አሉኝ። የሮተሩ ሁለት ሽቦዎች ቢቀያየሩ ተቀባዩ በ180 ዲግሪ ይሳሳታል፤ ያ ወዲያው ይታያል። የእኔ ስሕተት ግን ዜሮና 180 ላይ ብቻ ለሚፈትሽ ሰው ፈጽሞ አይታይም። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ሲንክሮ ቢያንስ በሦስት ዘዌ ሳልፈትሽ አልተውም፤ ተማሪዎቼም ስለዚህ ያማርሩኛል።

ከዚህ የሚብሰው ዝምታ ነው። የላኪውም የተቀባዩም ሮተር ኃይል ቢቋረጥ ተቀባዩ ወደ ዜሮ አይወድቅም፣ አይንቀጠቀጥም፤ መጨረሻ ያየው ዘዌ ላይ እንደ ጤነኛ ይቆማል። ማስጠንቀቂያ ደወል ካልተገጠመለት መርከቧ ቀጥ ብላ የምትሄድ ይመስላል። ይህ የሲንክሮ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። ሰኔ 10 ቀን 1995 «ሮያል ማጄስቲ» የተባለች የመንገደኞች መርከብ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ስትጓዝ ከናንተኬት ደሴት አጠገብ አሸዋ ላይ ወጣች። የጂፒኤስ አንቴናዋ ገመድ ከተነሣች ብዙም ሳትቆይ ተላቅቆ ነበር፤ መሣሪያው ከጋይሮ ኮምፓሱና ከፍጥነት መለኪያው በመነሣት ቦታዋን በግምት ያሰላ ጀመር። ጥፋቱ የኮምፓሱ አልነበረም፤ ኮምፓስ ነፋስና ሞገድ መርከብን ወደ ጎን ሲገፏት አያውቅም። ከ1,500 በላይ ሰው የጫነችው መርከብ 17 ኖቲካል ማይል ከመሥመሯ ርቃ ሳለ መስኮቱ በልበ ሙሉነት ቁጥር ያሳይ ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ የሞተ ሰው የለም።

ዛሬ ብዙ አዳዲስ መርከቦች የሚሽከረከር ጎማ የላቸውም፤ ብርሃን በቃጫ ጥቅል ውስጥ በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ እየዞረ የምድርን መዞር ይለካላቸዋል። ዘዌውም በዲጂታል መልእክት ይጓዛል። ሆኖም ሲንክሮ በውስጡ ምንም ኤሌክትሮኒክስ ስለሌለው ሙቀትንና ንዝረትን ይችላል፤ ኃይል ተቋርጦ ሲመለስም ያለበትን ዘዌ ለመናገር ምንም ማስታወስ አያስፈልገው። በዚህም የተነሣ በአሮጌዎቹ መርከቦች ላይ ከአዲሱ መሣሪያ ጎን ለጎን ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ቀረብ በሉ። ሁለቱ ሲንክሮዎች ተገናኝተዋል፤ በመጀመሪያ እየተከታተሉ ሲዞሩ ታያላችሁ። ከዚያ ሳልነግራችሁ ማብሪያውን አጠፋለሁ፤ የላኪውን ዘንግ ግን ማዞሬን አላቆምም። ተቀባዩን ብቻ ተመልከቱ፤ መቼ እንዳጠፋሁት የሚነግረኝ ማን እንደሆነ እናያለን።