ቄስ፣ ደብተራ፣ ሰማዕት፦ በሚና ጨዋታ የመለኮታዊ ባልንጀራ መደብ አመራረጥ

የሚና ጨዋታ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች በቃል የሚተርኩት፣ ፍጻሜው ግን በደንብና በዕጣ የሚወሰን ታሪክ ነው። ከተጫዋቾቹ አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን፣ ነዋሪዎቹንና ባላጋራዎቹን ያቀርባል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ያ ሰው ምን እንደሚናገርና ምን እንደሚያደርግ ይወስናሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ድርጊት ሲያጋጥም ደግሞ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ተጥሎ መሳካት አለመሳካቱ ይታወቃል። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ሲሆን፣ በውስጡ የነበሩት መደቦች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ተዋጊ፣ አስማተኛና ክሌሪክ ናቸው። መደብ ማለት የገጸ ባሕርዩ ሙያ፣ የኃይሉ ምንጭና ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲያድግ የሚያገኛቸው ችሎታዎች ጥቅል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም የመደቦቹ ቁጥር 12 ደርሷል፣ ከእነዚህም መካከል ኃይላቸውን ከሰማይ ያገኛሉ ሊባል የሚችሉት አንድ ወይም ሁለት ብቻ አይደሉም።

የምርጫው ችግር የሚመጣው ከዚህ ብዛት ነው። አንድ ቡድን መለኮታዊ ኃይል የተሰጠው ባልንጀራ፣ ማለትም ቁስለኛን የሚፈውስ፣ ርኩስ መንፈስን የሚያባርርና በአደጋ ጊዜ ባርኮ የሚያጸና የጉዞ ጓደኛ ሲፈልግ፣ ብዙ ተጫዋቾች አስቀድመው የሚጠይቁት የትኛው መደብ ይበልጥ ኃይለኛ እንደሆነ ነው። ይህ ጥያቄ ከኋላ ሊመጣ ይገባዋል። መቅደም ያለበት ኃይሉ ለዚያ ሰው እንዴት እንደ ተሰጠው፣ በሹመት፣ በትምህርት፣ በመሐላ፣ በዘር ወይስ በቃል ኪዳን መሆኑን መወሰን ነው፤ ምክንያቱም የጨዋታው ደንብ ራሱ መደቦቹን የሚለያቸው በዚህ ነው። ታሪኩን በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ለሚያቆም የጨዋታ መሪ ይህ ልዩነት እንግዳ አይሆንበትም፤ በሐይቁ ደሴቶችና በዘጌ ልሳነ ምድር ያሉት ገዳማት ከጨዋታው ልደት በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲለዩት ኖረዋል።

ልዩነቱ በሕንጻ ጭምር ይታያል። በዘጌ የሚገኘው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን እንደ አብዛኞቹ የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ክብ ሲሆን፣ ከውጭ ወደ ውስጥ በሦስት ክፍል ይከፈላል። ውጫዊው ቅኔ ማኅሌት መዘምራኑና ደብተራዎቹ መቋሚያ፣ ጸናጽልና ከበሮ ይዘው የሚያሸበሽቡበት ነው፤ መካከለኛው ቅድስት ምእመናን ቅዱስ ቍርባን የሚቀበሉበት ነው፤ ታቦቱ ወዳለበት ወደ መቅደሱ ግን ከቀሳውስትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይገባም። ዜማውን ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ፣ ቅኔ የሚዘርፍ ሊቅ ክህነት ከሌለው ከመጋረጃው ወዲህ ይቆማል፣ ከእሱ እጅግ ያነሰ የተማረ ወጣት ዲያቆን ደግሞ እያለፈው ይገባል። ዕውቀትና ሥልጣን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የደንብ መጽሐፍ አይገኝም።

ክሌሪክ የተባለው መደብ የሚቀርበው ለዚያ ወደ መቅደስ ለሚገባው ሰው ነው። በአምስተኛው እትም ክሌሪክ ኃይሉን የሚለካው በማስተዋል ነው፤ ጋሻና መካከለኛ ጥሩር ሊለብስ ይችላል፣ የሚያመልከውን አምላክ ምልክት በእጁ ይይዛል ወይም በአንገቱ ያንጠለጥላል፣ ይህንንም የጣና ዳር ቄስ ከማይለየው የእጅ መስቀል ጋር ማዛመድ አያስቸግርም። ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮም አንድ ዘርፍ ይመርጣል፣ ከዘርፎቹም መካከል ሕይወት፣ ብርሃን፣ ዕውቀት፣ ተፈጥሮና ጦርነት ይገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በተሻሻለው እትም ግን ይህ ምርጫ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ተዛውሯል። ለጣና ታሪክ የጦርነት ዘርፍ የሚስማማ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ደም ያፈሰሰ ካህን ክህነቱን ያጣልና። የ1974ቱ ደንብ ክሌሪክ ስለት ያለው መሣሪያ እንዳይዝ መከልከሉ ከኋለኞቹ እትሞች ይልቅ ለዚህ መንፈስ ይቀርብ ነበር፣ የጨዋታው መሪም ይህን አሮጌ ክልከላ ቢመልሰው ባልንጀራው ይበልጥ ሙሉ ሰው ይሆናል። አንድ ነገር ግን በጨዋታውና በእውነተኛው ሥርዓት መካከል ይራራቃል፦ ክሌሪክ ብቻውን ሁሉን ይፈጽማል፣ ቅዳሴ ግን ቢያንስ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ካልተሟሉ አይቀደስም። ስለዚህ አንድ ቄስ ከገዳሙ ተለይቶ ከመንገደኞች ጋር ሲወጣ ከአገልግሎቱ ትልቁን ክፍል ጥሎ ይወጣል፣ ይህም ለተጫዋቹ ከማንኛውም የዳይስ ቅነሳ የበለጠ ክብደት ያለው ነገር ነው፤ ባልንጀራው በየደረሰበት ደብር ማደርና ልዑካን መፈለግ ይኖርበታል።

ደብተራው ሌላ መደብ ይጠይቃል። ሰዎች መንፈሳዊ ሰው ሲባል ሁሉን ክሌሪክ ማድረግ ይቀናቸዋል፣ ይሁንና ደብተራ ኃይሉን ያገኘው ከአንብሮተ እድ ሳይሆን ከዓመታት ትምህርት ነው፤ ዜማውን፣ አቋቋሙንና ቅኔውን ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ፣ ብዙ ጊዜም በቁራሽ እየኖረ ተምሮታል። ከጨዋታው መደቦች ለዚህ ሰው የሚቀርበው ባርድ፣ ማለትም ኃይሉ በቃልና በዜማ የሚሠራው ሊቀ መዘምራን ነው፤ ደንቡም ባርድ የሙዚቃ መሣሪያን የኃይሉ ማስተላለፊያ እንዲያደርግ ስለሚፈቅድ ጸናጽሉ በቀጥታ ቦታውን ያገኛል። የደብተራው ሌላ ወገን፣ ቤተ ክርስቲያን ስትነቅፈው የኖረችው ነገር ግን ሕዝቡ ሲፈልገው የኖረው፣ የክታብ ጸሐፊነቱ ነው። ክታቡ የሚጻፍበት ብራና ርዝመቱ በሕመምተኛው ቁመት ልክ ይሠራል፣ በላዩም የጸሎት ቃላት፣ የመላእክት ሥዕልና ትኩር ብለው የሚመለከቱ ዓይኖች ይሣላሉ፤ ከዚያም ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይያዛል። ጥቅሉን የሚይዘው ሰው ከራስ እስከ እግሩ ይጠበቃል የሚለው እምነት በዚያ ልኬት ውስጥ አለ። አንድ የጨዋታ መሪ ይህን ቢጠቀምበት፣ ክታቡ ለተጻፈለት ሰው ብቻ እንዲሠራና ለሌላው እንዳይሠራ ቢደነግግ፣ በየሱቁ ከሚሸጠው የጨዋታ መድኃኒት እጅግ የሚሻል ነገር ያገኛል።

ፓላዲን በመባል የሚታወቀው መደብ እ.ኤ.አ. በ1975 «ግሬይሆክ» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ የገባ ሲሆን፣ መሐላ የገባ ቅዱስ ተዋጊ ነው። በዚያን ጊዜ ፓላዲን ለመሆን የግርማ ሞገስ ነጥብ ቢያንስ 17 መሆን ነበረበት፣ ከመንገዱ የወጣም መደቡን ያጣ ነበር፤ በአምስተኛው እትም ደግሞ በሦስተኛ ደረጃ አንድ መሐላ መርጦ ይምላል። እጁን በመጫን የሚፈውስበት የነጥብ መጠን ደረጃው በ5 ተባዝቶ ይገኛል፣ ስለዚህ አራተኛ ደረጃ የደረሰ ፓላዲን በቀን 20 የሕይወት ነጥብ ለመመለስ ይችላል። አምስተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስም በፈረስ አምሳል የሚመጣ መንፈስ ለመጥራት ይችላል፣ በኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ ላይ ያሉትን ፈረሰኞች ያየ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ወደዚያ መሄዱ አይቀርም። የኢትዮጵያ ሠዓሊ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ፣ ቅዱስ መርቆሬዎስን በጥቁር ፈረስ ይሥላቸዋል፤ አንዱ ብሩታዊትን ሊበላ የመጣውን ደራጎን በጦር ሲወጋ፣ ሌላው ከሐዲውን ንጉሥ ኡልያኖስን ሲጥል ይታያል። የፈረሶቹ አንገት ቀጥ ብሎ፣ ልጓማቸውና ኮርቻቸው በዝርዝር አጊጦ፣ የቅዱሳኑ ፊት ግን ከቁጣ ነጻ ሆኖ በትላልቅ ዓይኖች ወደ ተመልካቹ ይዞራል፤ የጦሩን ጫፍ የሚያይ የለም። ፓላዲን ለሚጫወት ሰው ይህ የፊት ገጽታ ከደንቡ ይልቅ ብዙ ያስተምረዋል። ሰማዕታቱን ራሳቸውን በስማቸው ገጸ ባሕርይ ማድረግ ግን አይገባም፤ በዓላቸው የሚከበር፣ ታቦታቸው የሚነግሥ ቅዱሳን ናቸው፣ አምሳላቸውን በልቡ ይዞ የሚሄድ ልብ ወለድ ወታደር መፍጠር ደግሞ ማንንም ሳያስቀይም ያንኑ ያደርሳል።

ስለ መናንያን ብዙ ማለት አያስፈልግም። በአንበሶችና በነብሮች ተከበው እንደሚሣሉት እንደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ወይም አንበሳ እንደሚጋልቡት እንደ አቡነ ሳሙኤል ዘዋልድባ ያለውን ሕይወት የሚያስብ ተጫዋች የተፈጥሮ ዘርፍ ያለው ክሌሪክን ወይም ድሩይድን፣ ማለትም ከዱርና ከአራዊት ጋር የሚኖረውን መደብ ይውሰድ። ሞንክ የሚባለው መደብ ግን የሩቅ ምሥራቅ የእጅ ፍልሚያን መነሻ ያደረገ ስለሆነ በዳጋ እስጢፋኖስ ለሚጾመው መነኩሴ አይሆንም። ኃይሉ በዘር የሚተላለፍለት ባልንጀራ ለሚፈልግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ መጽሐፍ የቀረበው «ዲቫይን ሶል»፣ ማለትም ሶርሰረር የተባለው መደብ አንድ ንዑስ መደብ አለ፤ ታቦተ ጽዮን ከሌዋውያን ጋር መጥታ ለ800 ዓመታት ያረፈችበት እንደሆነ የሚተረክለት ጣና ቂርቆስ ለእንዲህ ያለ ሰው የትውልድ ስፍራ ሊሆን ይችላል።

ቃል ኪዳን ግን ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። በዚያው በ2017ቱ መጽሐፍ ውስጥ የሰማያዊ ኃይል ውል ያለው ዋርሎክ ቀርቧል፤ ዋርሎክ ከላቀ ፍጡር ጋር ውል ገብቶ በውሉ ምክንያት ኃይል የሚያገኝ ሰው ነው። በመጀመሪያ ሲታይ ይህ በገድላት ውስጥ ከሚነበበው ኪዳን ጋር አንድ ይመስላል፣ ኪዳነ ምሕረትም በስሟ የምትዘክረው በየካቲት 16 የሚከበረውን ለእመቤታችን የተሰጠውን የምሕረት ቃል ኪዳን ነው። ነገር ግን ሁለቱ በጊዜም በዓላማም ይለያያሉ። ዋርሎክ ኃይሉን በመጀመሪያ ወስዶ ዋጋውን ኋላ ይከፍላል፣ ጥቅሙም የራሱ ነው፤ የገድሉ ጻድቅ ግን አስቀድሞ ይጋደላል፣ ይጾማል፣ ይሰደዳል፣ ቃል ኪዳኑ የሚሰጠው በተጋድሎው መጨረሻ ነው፣ የሚጠቀሙበትም ስሙን የሚጠሩ፣ ዝክሩን የሚዘክሩ፣ በስሙ ድሀ የሚያበሉ ሌሎች ሰዎች ናቸው። ለዚህ ሥርዓት የሚቀርበው የዋርሎክ ውል ሳይሆን የክሌሪክ የመጨረሻ ችሎታ ነው። በ2014ቱ ደንብ ክሌሪክ አሥረኛ ደረጃ ሲደርስ አምላኩ ጣልቃ እንዲገባ ለመለመን ይችላል፤ ከ100 የሚወጣው ዕጣ ከደረጃው ቁጥር ካልበለጠ ልመናው ይሰማል፣ ስለዚህ በአሥረኛ ደረጃ ከመቶ አሥር ጊዜ ብቻ ይሰማል ማለት ነው፤ ልመናው ሲሰማም ለሰባት ቀን እንደገና አይለምንም። ሃያኛ ደረጃ ላይ ግን ዳይስ መጣል ሳያስፈልግ ይሰማለታል። ብዙ ጊዜ ጮኾ ሳይመለስለት የቆየ ሰው በድካሙ ፍጻሜ ልመናው የማይታጠፍ የሚሆንበት ይህ አካሄድ፣ የደንቡ ደራሲዎች ባያስቡትም፣ ከገድል አጻጻፍ ጋር በትክክል ይገጥማል።

ባልንጀራው የተጫዋች ሳይሆን በጨዋታው መሪ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ምርጫው ይበልጥ ይጠብባል። መሪው ዓለሙንም ባላጋራውንም ይዞ ሳለ ፓላዲን ቢጨምርበት ድል ሁሉ በእሱ ሰው ሰይፍ ይሆንና ተጫዋቾቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። የክሌሪክ ቡራኬ ግን እስከ ሦስት ለሚደርሱ ሰዎች በሚጥሉት ማጥቂያና መቋቋሚያ ዳይስ ላይ ባለ አራት ገጽ ዳይስ ይጨምርላቸዋል፣ ይህም በአማካይ ሁለት ነጥብ ተኩል ያህል ነው፤ የሚመታው ተጫዋቹ ራሱ ነው፣ ቄሱ ከኋላ ቆሞ ሐሳቡን ሰብስቦ ይጸልያል፣ ከተመታም ጸሎቱ ሊቋረጥበት ይችላልና ጓደኞቹ ሊጠብቁት ይገባል። ለጀማሪ መሪ ይህም ቢከብድ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 «ታሻስ ኮልድረን ኦቭ ኤቭሪቲንግ» በተባለው መጽሐፍ ለአጃቢ ገጸ ባሕርያት ብቻ የተዘጋጁ ሦስት ቀላል መደቦች አሉ፤ ከእነሱም አንዱ ፈዋሽ ሆኖ ሊሠራ ይችላል፣ ችሎታዎቹም ጥቂት ስለሆኑ ለመሪው አይበዙበትም።

እንግዲህ የሕይወት ዘርፍ ያለው፣ ስለት የማይዝ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ ወጣት ቄስ ከባሕር ዳር ጊዮርጊስ ተነሥቶ ከቡድኑ ጋር በደንገል ታንኳ ወደ ዘጌ ሊሻገር ይችላል። በዘጌ፣ በ14ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን እንደ መሠረቱ የሚነገርላቸው አቡነ በትረ ማርያም ባኖሩት ሥርዓት መሠረት መሬቱ በበሬ አይታረስም፣ ነዋሪውም በደኑ ጥላ ሥር በሚያድገው ቡናና ጌሾ ይተዳደራል፤ ስለዚህ እንግዶቹ የሚጫኑ ከብት ይዘው ለመግባት ቢፈልጉ የመጀመሪያው ክርክር ከአራዊት ሳይሆን ከራሳቸው ቄስ ጋር ይሆናል። ከዚያ አልፈው ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ወይም ወደ ክብራን ገብርኤል ሲያቀኑ ደግሞ ሴት ወደማይገባባቸው ገዳማት መድረሳቸው ነውና፣ በቡድኑ ውስጥ ሴት ገጸ ባሕርይ ካለች ቄሱ ከእሷ ጋር በታንኳው ላይ ይቆያል ወይስ ብቻውን ገብቶ የሚፈለገውን ብራና ያነብላቸዋል የሚለውን ቡድኑ ከመድረሱ በፊት መወሰን አለበት፤ ቄሱ ከገባ ፈውስና ቡራኬ ያለው ሰው ከጓደኞቹ ተለይቷል፣ የጨዋታው መሪም ባላጋራውን የሚያመጣው በዚያች ሰዓት ነው።