ሰማያዊዋ ኪኒን እና ጆሮ

የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት ፈልጎ መድኃኒት ቤት የሚመጣ አባት ከሩቅ ያስታውቃል። ሰው እስኪሳሳ ጥግ ይዞ ይቆያል። መስኮቱ ጋ የምቆመው እኔ ሴት ስለሆንኩ ደግሞ ይብስበታል፤ «ወንድ ባለሙያ የለም?» ያለኝ አንድ ሁለት አይደለም። ስለ ልብ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፤ መጠየቃቸውም ደግ ነው፤ ከምላስ ሥር የሚደረገውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እነዚህን ኪኒኖች ፈጽሞ መንካት የለበትም። ስለ ጆሮ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ የለም።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2007 በቫያግራ፣ በሲያሊስና በሌቪትራ መግለጫዎች ላይ ድንገት የመስማት ችሎታን ስለማጣት የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ጎላ ብሎ እንዲጻፍ አድርጓል። በእጁ የነበሩት 29 ሪፖርቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ሰዎች የተጎዱት በአንድ ጆሯቸው ሲሆን፣ አንዳንዶቹን ጆሯቸው ይጮህባቸው፣ ያዞራቸውም ነበር። ችግሩ ጊዜያዊ የሆነው ሲሶ ያህሉ ላይ ነው። ከተጠቃሚው ብዛት አንጻር ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ጥፋቱ የኪኒኑ ነው ብሎ አልደመደመም። ዕድሜ፣ ስኳርና ደም ግፊትም ጆሮን ይጎዳሉ። ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ሁሉ ይደንግጥ አልልም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሐፍረቱ ነው። ሰውየው ጠዋት ሲነሳ አንድ ጆሮው ተደፍኗል። «ብርድ መታኝ» ይላል። ዘይት ጠብ ያደርግበታል፤ ኩክ መስሎት በክብሪት እንጨት ይጎረጉረዋል። ኪኒኗን ከባለቤቱም ስለደበቀ ለማንም አያነሳትም። እንዲህ እያለ ሳምንት ያልፋል። የውስጠኛው ጆሮ ድንገት ሲጎዳ የሚሰጠው የስቴሮይድ ሕክምና ደግሞ የተሻለ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል።

ማዞሩም መለየት አለበት። ኪኒኑ የደም ሥርን ስለሚያላላ ብድግ ሲሉ ለአፍታ ዓይን ጭልም ሊል ይችላል። ቤቱ ከነጣሪያው የሚሽከረከር ከሆነ ግን፣ በተለይ ጆሮ ከተደፈነ ወይም ከጮኸ፣ ነገሩ ከውስጠኛው ጆሮ ሊሆን ይችላል፤ የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቀው አካል መኖሪያው እዚያው ነውና።

እናቶች፣ አባወራው ስልኩን ድንገት ወደ ሌላኛው ጆሮ ማዞር ከጀመረ ጠይቁት። አባቶች፣ እንዲህ ከሆነባችሁ ሌላ ኪኒን አትድገሙ፤ በዚያው ቀን ወደ አንገት በላይ ሐኪም ሂዱ። ምን እንደወሰዳችሁ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነና መቼ እንደወሰዳችሁት ንገሩት። ስሙን መጥራት ከከበዳችሁ ማሸጊያውን አውጥታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡለት፤ ራሱ ያነበዋል።