እናት አልባ ጫጩቶች፦ ዶሮ እርባታን በቤት ለሚጀምሩ

ጎኑ በተበሳሳ ካርቶን ውስጥ የሚሸጡ የአንድ ቀን ጫጩቶች ሲታዩ ንቁና ጤናማ ናቸው። ይጮኻሉ፣ ይራወጣሉ፣ ያገኙትን ነገር ሁሉ ይጭራሉ። ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ የተከካ በቆሎና ውሃ ያቀርብላቸዋል፤ ሲመሽም ካርቶኑን ከአንድ ጥግ አስቀምጦ ይተኛል። በማግሥቱ ጠዋት ጫጩቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። ከላይ ያሉት በሕይወት አሉ፤ ከሥር የነበሩት ግን ታፍነው ሞተዋል። በክረምት ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ዶሮ ማርባት የጀመረ ሰው ይህን ታሪክ አሳምሮ ያውቀዋል። ብዙውም «ዶሮ ለእኔ ዕድል የለውም» ብሎ ነገሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ከካርቶኑ ውስጥ የጎደለችው ግን እናቲቱ ነበረች።

ጫጩት ያለ እናት ከቦታ ቦታ መጓጓዝ የምትችለው በአንድ የተፈጥሮ ስንቅ ምክንያት ነው። ከቅርፊቷ ከመውጣቷ አንድ ቀን ገደማ አስቀድማ የተረፈውን የእንቁላል አስኳል ወደ ሆዷ ታስገባለች፤ ይህም ከ2 እስከ 3 ቀናት ያቆያታል። የጫጩት ንግድ የቆመው በዚህ ስንቅ ላይ ነው ማለት ይቻላል። አስኳሉ ግን ምግብ እንጂ ሙቀት አይሆንም።

ለመሆኑ እናቲቱ ወዴት ሄደች? የሀገራችን ዶሮ በተለመደው አያያዝ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፤ ለእንቁላል ተብለው የተመረጡት የውጭ ዝርያዎች ደግሞ በጥሩ አያያዝ ከ250 በላይ ይጥላሉ። የልዩነቱ አንዱ ዋነኛ ምክንያት እናትነት ነው። የሀበሻ ዶሮ አሥራ ምናምን እንቁላል እንደጣለች ከአንጎሏ ሥር ከሚገኘው የፒቱታሪ ዕጢ ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን በብዛት ይመነጫል። በዚህን ጊዜ እንቁላል መጣሏን አቁማ ትታቀፋለች። 21 ቀን ታቅፋ ከፈለፈለች በኋላ ጫጩቶቿን ለሁለት ወር ያህል ትመራለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላል የለም። ባለቤቶች የታቀፈችውን ዶሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የሚነክሩት ወይም ለጥቂት ቀናት ወደ ጎረቤት የሚወስዷት ይህን ለማስቆም ነው፤ ጎጆዋንና እንቁላሏን በሆዷ መንካት ስታቆም የሆርሞኑ መጠን ስለሚወርድ ወደ ጎረቤት የመውሰዱ ዘዴ ሳይንሳዊ መሠረት አለው። የውጭ አርቢዎች ደግሞ የማትታቀፈዋን ዶሮ ከትውልድ ትውልድ እየመረጡ የመታቀፍን ጠባይ ከዘሩ ሊያጠፉት ተቃርበዋል። ብዙ እንቁላል የምትጥለው ዶሮ የእናትነትን ሥራ የተወች ዶሮ ናት። እርሷ የተወችውን ሥራ እንግዲህ የሚረከበው ገዢው ነው።

ከሥራው ሁሉ የሚቀድመው ማሞቅ ነው። ያደገች ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን በላባዋ ትጠብቀዋለች። አዲስ የተፈለፈለች ጫጩት ግን ላባ የላትም፤ ያላት ስስ ጸጉር ብቻ ነው። የ40 ግራም አካል ደግሞ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ገጽ ስላለው ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል። ሰውነቷ ሙቀቱን ራሱ ማስተካከል የሚለምደው ቀስ በቀስ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቶቹ ቁመት ልክ ሲለካ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሆነ ሙቀት ያስፈልጋቸዋል። ከዚያም በየሳምንቱ ከ2 እስከ 3 ዲግሪ እየተቀነሰ 21 ዲግሪ ገደማ ላይ ይደረሳል። የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ደጋ አገር የካርቶኑ ጫጩቶች ለምን እንደተደራረቡ ከዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል።

ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ጫጩቶቹን ራሳቸውን ማንበብ ይችላል። ተቃቅፈው በአንድ ላይ ከተከመሩ በርዷቸዋል። ከሙቀቱ ምንጭ ሸሽተው ዳር ዳሩን ይዘው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ብቻ ከተጠጉ ከወዲያኛው በኩል ነፋስ ይገባል ማለት ነው። ተበታትነው አንዳንዱ ሲበላ አንዳንዱ ተዘርግቶ ቢተኛ ባለቤቱም ሄዶ መተኛት ይችላል። ይህ ምርመራ ቀን ብቻ ሳይሆን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ብርዱ በሚጠናበት ሰዓት ሊደረግ ይገባል።

ሙቀቱ ከየት ይምጣ? አምፖል የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎች ሳያውቁት የሚሳሳቱበት ነገር አለ። የቀድሞው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ስለነበር ለብርሃን ሲባል አባካኝ፣ ለጫጩት ግን ምቹ ነበር። ዛሬ ገበያውን የያዙት ኤል.ኢ.ዲ. አምፖሎች የተሠሩት ሙቀት እንዳያባክኑ ነው፤ ክፍሉን ቦግ አድርገው እያበሩ ጫጩቶቹ በብርድ ሊያልቁ ይችላሉ። መብራት ሲጠፋስ? በሙቅ ውሃ ተሞልቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ጀሪካን ለጥቂት ሰዓታት ያድናል።

ኤሌክትሪክ በሌለበት ደግሞ በሀገራችን ተሞክሮ የሚሠራበት የድርቆሽ ሳጥን አለ። አሠራሩ ቀላል ነው። በትልቅ ሳጥን ውስጥ ትንሽ ክፍል ይበጅና በዙሪያው ያለው ባዶ ቦታ በድርቆሽ ወይም በጭድ ይጠቀጠቃል፤ ከላይም ጭድ የተሞላ ትራስ ይደረግበታል። ድርቆሹ በመካከሉ የያዘው አየር ሙቀት አላስተላልፍ ስለሚል ጫጩቶቹ በገዛ ሙቀታቸው ይሞቃሉ። ቀን ወጥተው ይመገባሉ፤ ሲበርዳቸው ይመለሳሉ። የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ ግን ሊረሳ አይገባም። የሙቀቱ ምንጭ እነርሱው በመሆናቸውም አምስትና ስድስት ጫጩት ብቻ ላለው ሰው ሳጥኑ ብዙም አይረዳም።

ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ ሊቀመጥ አይገባም። ኦክስጅን ሳይበቃው የሚነድ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ በደማችን ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኃይል ነው። ጫጩቶቹን ለማሞቅ ከሰል አስገብቶ በዚያው ክፍል የሚተኛ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል።

እናቲቱ ለጫጩቶቿ የምታወርሰው ሌላም ነገር አለ። የበሽታ መከላከያ የሆኑትን አንቲቦዲዎች በአስኳሉ በኩል ታስተላልፍላቸዋለች። እርሷ ለፈንግል ተከትባ ከነበረ ጫጩቷ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበሽታው በመጠኑ ትጠበቃለች፤ ሆኖም ይህ ውርስ በየዕለቱ እየመነመነ ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ያልቃል። ክትባት በጣም ቀድሞ ቢሰጥ የእናቲቱ አንቲቦዲዎች ክትባቱን ራሱን ያከሽፉታል፤ ቢዘገይም በሽታው ይቀድማል። በ7ኛው ቀን ገደማ በዓይን ጠብታ የሚሰጠው ኤች.ቢ.ዋን የተባለው ክትባትና ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ የሚከተለው ላሶታ የተቀጠሩት በዚህ ስሌት ነው። ከዚያም በኋላ በየተወሰኑ ወራት መደገም አለበት።

ፈንግል፣ በሌላ አጠራሩ የኒውካስል በሽታ፣ በቫይረስ የሚመጣ ነው። አንገት ይጠመዝዛል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ሲገባም አንዳንድ ጊዜ ከነአካቴው ጠራርጎ ይጨርሰዋል። ከያዘ በኋላ መድኃኒት የለውም። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካም፤ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦም አያድኑም። አንዲት ዶሮ ስትታመም የቀሩትን ቶሎ ብሎ ገበያ ማውጣት ደግሞ ለባለቤቱ ኪሳራ መቀነሻ ቢመስልም ቫይረሱን ለሌላ ሰው ግቢ መሸጥ ነው። ለበዓል ከገበያ የመጣ አውራ ዶሮ በግቢው ካሉት ጋር ሊቀላቀል አይገባውም። የሚቆይ ከሆነ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይታሰር። የሚታረድ ከሆነም ላባው፣ ሆድ ዕቃውና የታጠበበት ውሃ ዶሮዎች በሚጭሩበት ቦታ እንዳይደፋ ያስፈልጋል።

ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል። ጀማሪውን የሚቸግረው አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ መሆኑና ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ያለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር ቀን ቀጥሮ በአንድ ላይ ማስከተብ ወጪውንም ይቀንሳል፣ በሽታው በሰፈር የሚዛመትበትን መንገድም ያጠብባል። አብዛኛው የክትባት ዓይነት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተያዘ ይበላሻል፤ ሙቀት የሚቋቋመው አይ-ቱ የተባለው ክትባት ግን ማቀዝቀዣ ለሌለበት ገጠር የተሻለ ነው። በመጠጥ ውሃ ለሚሰጥ ክትባት ደግሞ የቧንቧ ውሃ ያሰጋል። ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ነው፤ በቧንቧው ውሃ ያለው ክሎሪን ይገድለዋል። ጀማሪው ዶሮዎቹን ከትቤያለሁ ብሎ ተማምኖ ሳለ ያጠጣቸው ባዶ ውሃ ይሆናል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ፣ ጥቂት ስብ የወጣለት የዱቄት ወተት ተጨምሮበት፣ ይህን ችግር ያስወግዳል።

መኖን በተመለከተ እናቲቱ በየአጥሩ ሥር እየጫረች ለጫጩቶቿ የምታወጣው ምስጥና ትል ፕሮቲን ነው። በቆሎና ስንዴ ብቻ የምትመገብ ጫጩት ሆዷ ይሞላል እንጂ አታድግም፤ የጀማሪ ጫጩት መኖ ከ18 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን ሊኖረው ይገባልና። የኑግ ፋጉሎ ለዚህ በጣም ይረዳል፤ ሆኖም ሊዚን የተባለው አሚኖ አሲድ ስለሚያንሰው ብቻውን አይበቃም። ሻጋታ የታየበት እህል ወይም ፋጉሎ አፍላቶክሲን ሊኖረው ስለሚችል «ለዶሮ አይከፋም» መባል የለበትም።

ሂሳቡንም አስቀድሞ መሥራት መልካም ነው። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ትመገባለች። አሥር ዶሮዎች በወር 35 ኪሎ ግራም ገደማ ይፈጃሉ ማለት ነው። በጥሩ ወቅታቸው በቀን ሰባት እንቁላል ቢጥሉ እያንዳንዱ እንቁላል ከ160 ግራም በላይ መኖ ወስዷል። አንባቢው ይህን በሰፈሩ የመኖ ዋጋ አባዝቶ ከእንቁላል ዋጋ ጋር ያነጻጽረው። በስሌቱ ውስጥ ግን ዶሮዎቹ መጣል ከመጀመራቸው በፊት ያሉት አምስት ያህል ወራት ወጪ ብቻ እንደሆኑ አይዘንጋ። አውራ ዶሮ ለእንቁላል መጣል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ለመፈልፈል ብቻ ነው።

ስለ ቤቱ ብዙ ማለት አያሻም። ለአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት እስከ ስድስት ዶሮ፣ ሸለምጥማጥ የማያስገባ ሽቦ፣ ቆጥ፣ ከሁሉም በላይ ደረቅ ጉዝጓዝ። ሰጋቱራውም ሆነ ጭዱ ሲረጥብ ኩሱ ዓይን የሚያቃጥል አሞኒያ ያወጣል፤ ኮክሲዲዮሲስ የተባለው የአንጀት በሽታ ተውሳክም የሚጎለምሰው በእርጥበት ነው። ሰው በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ዶሮ ማሳደር አይገባም፤ ዶሮ የነካ ልጅም እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ይህ ሁሉ የከበደው ጀማሪ ሁለት አማራጭ አለው። አንደኛው ዋጋው ከፍ ቢልም የ45 ቀን ጫጩት መግዛት ነው፤ አስጨናቂዎቹን ሳምንታት ሌላ ሰው አሳልፎለታል። የትኞቹ ክትባቶች በስንተኛው ቀን እንደተሰጡ ግን ሳይጠይቅ አይክፈል።

ሁለተኛው ሥራውን ለባለሙያዋ መመለስ ነው። ታቅፋ የሰነበተች የሀበሻ ዶሮ ካለች አሥር አሥራ ሁለት የአንድ ቀን ጫጩቶች ሊሰጧት ይችላሉ። ጊዜው ሌሊት መሆን አለበት። በጨለማ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ እያወጡ በምትኩ ጫጩቶቹን ከክንፏ ሥር ማስገባት ነው። ሲነጋ እየጠራች እህል ካሳየቻቸው ተቀብላቸዋለች። ልትነክሳቸው ከቃጣች ግን ፈጥኖ መለየት ያስፈልጋልና የሞቀው ሳጥን በዚያ ሌሊት ተዘጋጅቶ ይደር።